ጽዋው ያረፈበት ከተማ

ሐሙስ ንጋት፣ አዲስ አበባ

ሰማዩ ገና ሳይቀላ ሻንጣዬን ይዤ በሬን ስከፍት የፊት ለፊቱ በርም አብሮ ተከፈተ። ጎረቤቴ ናት፤ ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ቤተ ክርስቲያን ልትወጣ ነው። እኔን ስታይ ወደ ውስጥ መለስ አለች። እኔም እሷን ሳይ ቁልፍ የጠፋብኝ መስዬ ቦርሳዬን መበርበር ያዝኩ። ደረጃውን ወርዳ እስክትጨርስ ጠበቅኳት። አንድ ፎቅ ላይ ስንኖር ዓመታት አልፈዋል። ሽንኩርቷ ሲቁላላ በጠረኑ አውቀዋለሁ፣ ስሟን ግን አላውቀውም።

የጋዜጣችን አዘጋጅ ሰሞኑን አዳዲሶቹን መንገዶች ሲያይ ሰንብቶ፣ «ከተማን ዓለም አቀፍ ደረጃውን የጠበቀ የሚያሰኘው ምንድን ነው? እስቲ በዚህ ላይ አንድ ነገር ጻፊልኝ» አለኝ።

«እኔ እኮ ስማዳ ልሄድ ነው፤ አባቴን ላመጣ» ስለው፣ «ጥሩ፣ መንገደኛውን ሁሉ ጠይቂው» ብሎ ሳቀ። እሱ ሲቀልድ ነው፤ እኔ ግን እሺ ብዬ ቃሌን ሰጠሁ።

ጉዳዬ ሌላ ነው። ክረምት ላይ አባባ ታሞ፣ ጎረቤቶቹ በቃሬዛ ተሸክመው፣ የሞላ ወንዝ አሻግረው ጤና ጣቢያ አድርሰውት ነበር። እኔ የሰማሁት ከዳነ በኋላ ነው። «እንዳትደነግጪ ብለን ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ስልኬ በጠራ ቁጥር የማን እንደሆነ ሳላይ አነሣዋለሁ። ብቻውን ነው፤ እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ከእሱና ከድመቲቱ በቀር ማንም የለም። ቤቴ ያለችውን ትርፍ ክፍል ቀለም አስቀባሁለት። አልጋ ገዛሁ፣ ወፍራም ብርድ ልብስም ገዛሁ። ስወተውተው ከርሜ በመጨረሻ «እሺ፣ እህሉ ይግባና» አለኝ። እህሉ ገባ። ይኸው እኔም ሄድኩ።

ሐሙስ ከሰዓት፣ ከደብረ ታቦር ወደ እስቴ

ባሕር ዳር በአውሮፕላን ነው የገባሁት። ከዚያ ሚኒባስ፣ ከዚያ ሌላ ሚኒባስ። ደብረ ታቦር ስንደርስ ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ ገብቶ ጆሮዬን ያዘኝ። ጉና ጫፉ ላይ ጉም ጠምጥሟል። በየመንገዱ ዳር ዐውድማ አለ፤ በሬዎቹ ክብ እየዞሩ ገብሱን ያበራያሉ፣ ሰዎቹ በመንሽ ገለባውን ወደ ሰማይ ይወረውራሉ። የገለባው ሽታ መኪናው ውስጥ ሲገባ፣ ምን ልበላችሁ፣ ልቤ ስፍስፍ አለ። ሰው የሀገሩን ገለባ ይናፍቃል ቢሉኝ አላምንም ነበር።

ሾፌሩ ይበልጣል የሚባል ወሬኛ ነው። ከጎኑ ስላስቀመጠኝ የአዘጋጄን ጥያቄ ለእሱ አቀረብኩለት።

«ዓለም አቀፍ ከተማ?» አለ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ። «መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰው እልል የማይልበት ከተማ ነዋ! እኛ ሰፈር እኮ መብራት የመጣ ቀን ሙሽራ የገባ ነው የሚመስል።»

ከኋላ የተቀመጡት ሁሉ ሳቁ። አንዷ ሴትዮ «ባትሪሽን ሙልት አርገሽ ይዘሻል፣ ልጄ? እዚያ ስትደርሽ ያምርሻል» አለችኝ።

የእስቴ ከተማ መካነ ኢየሱስ ስንገባ መሽቷል። ባጃጆች ይተራመሳሉ፤ ሱቆቹ በባትሪ መብራት ይነግዳሉ። ያረፍኩበት ቤት ባለቤት ወይዘሮ ዘርፌ ትባላለች፤ ግማሽ ጀሪካን ውሃ ይዛልኝ መጣች። ውሃው ከሄደ ሰንብቷል። ለእሷም ጥያቄዬን ብነግራት ጀሪካኑን በእግሯ ገፋ አድርጋ አሳየችኝና «ኧረ እቴ፣ መልሱን ይዤልሽ መጥቼ የለ!» አለችኝ። ቀጥላ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። የአባቴን ስም ስትሰማ ትንሽ አሰብ አደረገች።

«ልትወስጃቸው ነው?»

«አዎ።»

«እግዜር ያቅናልሽ» አለችና ወጣች። አባባሏ ግን እንጃ፣ አላማረኝም።

ዓርብ፣ ስማዳ

ከእስቴ ወደ ስማዳ ከተማ፣ ወደ ወገዳ፣ የሚወስደው መንገድ የሰው አንጀት ይበጠብጣል። አቧራው ቅንድቤን ሽበት አስመሰለው። ገደሉን በግራ፣ ተራራውን በቀኝ እያየን፣ ፍተሻ ላይ ወርደን እየተሰለፍን፣ ዶሮ ታቅፎ የተሳፈረ ሰውዬ እያጫወተን ወገዳ ገባን። ከዚያ ወዲያ ጥቂት በባጃጅ፣ የቀረውን በእግር ሄድኩ። መንገዱን እግሬ ያውቀዋል። ዋርካው ጋ ስደርስ ሳላስበው ነጠላዬን አስተካከልኩ። እናቴ ድሮ እዚያ ስንደርስ «ነጠላሽን!» ትለኝ ነበር። ቀና ብዬ፣ እሷ የምትጠብቀኝ ይመስል፣ የቤታችንን በር አየሁ። አባባ ነው የቆመው።

ከስቷል። ጋቢው ሰፍቶታል። ጉልበቱን ሳምኩት፤ ትከሻዬን ይዞ ቀና አደረገኝ።

«ገባሽልኝ! መንገዱ ደህና ነበር?»

«ደህና ነው አባባ። እርስዎ ተሰናዱ?»

«ግቢ መጀመሪያ። እግርሽን ታጠቢ፣ ምሳ ብዪ።»

ነገር ሊሸሽ ሲል እንዲህ ነው። ገባሁ። ዓይኔ የታሠረ ሻንጣ፣ የተጠቀለለ ብርድ ልብስ ፈለገ። የለም። ጓዳው በር ላይ የጠላ ጋን አፉ ታሥሮ ተደርድሯል። ከምሰሶው በላይ ደግሞ ከልጅነቴ የማውቀው አገልግል ተሰቅሏል። በነጭ ሻሽ ተጠቅልሎ በውስጡ የተቀመጠው የማርያም ማኅበር ጽዋ ነው።

ማኅበሩ አሥራ ሁለት ቤት ነው፤ ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ወር ይደርሰዋል። ጽዋው የተሰቀለበት ቤት ወሩ ሲሞላ ደግሶ ይጠጣል፣ ከዚያ ጽዋው ወደ ባለተራው ይሸኛል። ጽዋ የተረከበ ሰው ደግሶ ሳያስረክብ ከቤቱ አይርቅም።

«አባባ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ጽዋ እያለብኝ የት እሄዳለሁ?» አለኝ፣ ልክ እኔ እንዳጠፋሁ ሁሉ።

«ተራዎት ሚያዝያ አልነበረም እንዴ?»

«ነው።»

«ታዲያ በታኅሣሥ ምን አመጣው?»

«መጣ» አለና ድመቲቱን ከመደቡ አባረራት።

ደሜ ፈላ። ስንት ልመና፣ ስንት መንገድ! እንዳልወስደው ብሎ የሰው ተራ ለምኖ አነሳ ማለት ነው። ወጥቼ የገለባው ክምር ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ። የማለቅሰው ተናድጄ ይሁን ናፍቄ እኔም አላወቅሁትም። ከታች ማዶ ጢስ ይታያል፤ የሆነች ሴት ልጇን በስም ትጠራለች። ድምፁ ሸለቆውን ተሻግሮ መጣ። እናቴም ከዚሁ ቦታ ቆማ እንዲህ ትጠራኝ ነበር።

ራት ላይ ንዴቴ በረድ ሲል ጥያቄዬን ለእሱም አነሳሁለት፤ ለወሬ ያህል ነው። እናቴ ያረፈች ሰሞን ወስጄው፣ እኔ ዘንድ ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ነበርና ከተማውን ያውቃል።

«ከተማሽ ጥሩ ነው» አለ ሽሮውን በእንጀራ ቆንጠር እያደረገ። «መንገዱ ለጥ ያለ ነው። መብራቱ ቀን ከሌት ይበራል። ደረጃው ላይ ግን አንዱን ሰውዬ ‹እንደምን አደርክ› ብለው፣ ‹ምን ፈልገው ነው አባት?› አለኝ።»

«እሱ እኮ ሊረዳዎት…»

«እኔ ደህና ማደሩን ነው የፈለግሁ።»

ሽሮ ጨመርኩለት። ቆይቶ «በማግስቱም አልሁት፣ በሠልስቱም አልሁት። ኋላ ስሰማ ጥበቃውን ‹ሽማግሌው ምን አጥተው ነው?› ብሎ ጠይቆታል» አለና ሳቅ አለ። ያን ጊዜ አልነገረኝም። ከዚያ በኋላ ሰገነቱ ላይ ተቀምጦ መዋል የጀመረው ለካ ለዚህ ነበር። እኔ ደግሞ አየሩ ተስማማው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር!

«አባባ፣ ክረምት ላይ ቢሞቱብኝስ? ማን ነበር የሚነግረኝ?»

«ተሸክመው አደረሱኝ እኮ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባል የለ።»

ተረቱን የሰማሁት ዛሬ አይደለም። የሩቅ ዘመድ የተባልኩት እኔ መሆኔ ግን ገና ዛሬ ገባኝ። እጄን ከገበታው ሰበሰብኩ። እሱም ክፉ እንደተናገረ ታወቀውና ጋቢውን አውልቆ ደረበልኝ።

ቅዳሜ፣ የማርያም ዕለት

ጠዋት ሜዳው አመዳይ ለብሶ ነጭ ሆኗል። ከቅዳሴ መልስ ማኅበርተኛው አንድ በአንድ ገባ። ፊተኛው ቄስ ሞላ ናቸው፣ የማኅበሩ ካህን። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለት ሥርዓት አስከባሪው አያ ደምሴ ቀጠሉ። ጠላውን የጠመቁት፣ ዳቦውን የደፉት የጎረቤታችን እትዬ ጥሩነሽ ናቸው፤ አባባ ወንድ ብቻውን ምን ያውቃል። እኔም ወገቤን ታጥቄ ስቀዳ፣ ስቆርስ፣ የጾም ነውና ሽሮና አሹቅ ሳቀርብ ዋልኩ። የሚገባው ሁሉ ጉንጬን እያገላበጠ ስሞ «ወፈርሽ! ከተማው ተስማምቶሻል!» ይለኛል።

አንድ ነገር ግን ዓይኔን ያዘው። ቤቱ ጢም ብሎ ሰው በር ላይ በርጩማ ፈልጎ ሲቀመጥ፣ ምሰሶው ሥር ያለው መደብ ላይ ማንም አልተቀመጠም። አጎዛው ተነጥፎበታል፤ ዳቦና ባዶ ዋንጫም ተቀምጦለታል።

እትዬ ጥሩነሽን ጓዳ ውስጥ ያዝኳቸው። «የቀረ ሰው አለ እንዴ?»

«የለም። የእናትሽ ቦታ ነው።»

«እሷማ…»

«አውቃለሁ። ቦታው ግን አልሞተም። እናትና አባትሽ ሁለት ቤት ሆነው ነው የገቡ፤ እሷ በታኅሣሥ፣ እሱ በሚያዝያ።»

እንስራው ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። «ይኼ ጽዋ እንግዲህ…»

«የእሷ ተራ ነዋ! ምን መስሎሽ ነው? እናት ስትሞት ልጅ ይተካል። ‹ልጄ እስክትመጣ እኔ ላንሳላት› ብሎን ይኸው በየዓመቱ ሁለት ጊዜ ይደግሳል። ይህን ሁሉ ድካም የሚደክምልሽ ላንቺ ነው፣ ልጄ።»

እኔ ተንኮል ነው ብዬ ገለባ ሥር ተቀምጬ ስራገም ነበር፤ ሰውዬው ለካ ቦታዬን ይዞልኝ ነው! ከጓዳ ስወጣ ማንም ሳይጠራኝ ሄጄ ምሰሶው ሥር፣ አጎዛው ላይ ቁጭ አልኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አባባ ዓይኑን ወደ ጋኑ አዞረ። አያ ደምሴ ብቻ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ለእትዬ ጥሩነሽ «ቅጂላት እንጂ፣ ማኅበርተኛ ደርቃ ትቀመጥ?» አሉ። ያን ጊዜ እንባዬ መጣ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ማለት ይኼ ነው፤ ዳቦውን በእንባ እያራስኩ በላሁት።

አመሻሽ ላይ ጽዋው ሊሸኝ አገልግሉ ከምሰሶው ወረደ። ባለተራዋ እትዬ ጥሩነሽ ናቸው። ሊቀበሉ ሲነሡ እኔም ተነሣሁ። ዛሬም ድረስ ማን እንዳስነሣኝ አላውቅም።

«እትዬ ጥሩነሽ፣ የጥርን ተራ ያበድሩኝ። በታኅሣሥ እመልስልዎታለሁ።»

«አንቺ? የት ልትደግሺው?»

«ቤቴ። አዲስ አበባ።»

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ የማልስቅ መሆኔን ሲያዩ ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ዓባይን ሊሻገር?» አለ አንዱ።

«ከብቱንስ ማን ያይልናል?» አለ ሌላው።

«መንገዱስ ቢዘጋ?»

አያ ደምሴ ወደ ቄስ ሞላ ዞሩ። «አባታችን፣ ሥርዓቱ ምን ይላል?»

ቄስ ሞላ መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ብዙ አሰቡ። «ሥርዓቱ ጽዋው ካረፈበት ቤት ይጠጣ ነው የሚል። የወንዝ ስም አልጠራም» አሉ። «የጥሯ አስተርዮ ማርያም ደግሞ ውቂያው አልቆ፣ ሰው አርፎ ነው። መንገዱ ክፍት ከሆነ የሚከለክል የለም።»

«እንግዲያ እኔ እሄዳለሁ!» አሉ እትዬ ጥሩነሽ። «ተራዬን ያበደርሁት አዲስ አበባን ሳላይ ልሙት ብዬ ነው?»

ሁሉም አባባን ያዩት ጀመር። እኔም አየሁት። እንቢ ቢል ነገሩ እዚያው አለቀ። ጽዋው በሄደበት ማኅበርተኛ ይሄዳል፤ አባባ ደግሞ ቀርቶ የሚያውቅ ሰው አይደለም፤ ታሞ እንኳ አልቀረም። ይኼን አውቄ እንዳደረግሁት እሱም አውቋል። አገልግሉን ከሙሴው እጅ ተቀበለና ራሱ አምጥቶ ክንዴ ላይ አስቀመጠልኝ።

«ተንኮሏ የእናቷ ነው» አለ። ከዚያ ጠጋ ብሎ፣ እኔ ብቻ እንድሰማው «ለማኅበር እመጣለሁ። እኖራለሁ ግን አላልሁም» አለኝ።

እሑድ፣ ጋይንት

ጽዋ ሲሸኝ እየተዘመረ እስከ ተረካቢው ቤት ድረስ ነው። የእኔ ቤት ሩቅ ስለሆነ እስከ መኪናው ሸኙኝ። አሥራ አንዱ ቤት፣ ቄሱ ከፊት፣ እኔ አገልግሉን ታቅፌ፣ በዚያ ብርድ በጠዋት በመዝሙር ወጣን። የሚኒባሱ ሾፌር ቸኩሎ ጡሩምባ ሲነፋ ቆይቶ፣ ሲያየን ሞተሩን አጠፋ። ወርዶ ኮፍያውን አውልቆ ቆመ። አባባ የመኪናውን በር ራሱ ዘጋልኝ። በመስታወቱ ሳየው እጁን አላወዛወዘም፤ ዝም ብሎ ቆሞ፣ ጋቢውን ይዞ፣ እስክንታጠፍ ተመለከተን። ሁልጊዜ ስሄድ የማየው እንደዚሁ ነው። አንድ ቀን የማየው የመጨረሻዬ ይሆናል ብዬ ማሰቤም እንደዚሁ ሁልጊዜ ነው።

በጋይንት በኩል ነው የተመለስነው፤ ሰማዩ እዚያ ሰፊ ነው፣ ነፋሱም ያንን ያህል። መኪናው እስከ አፉ ቢሞላም እኔ ጭን ላይ ያለውን ሲያዩ ሰው ሁሉ ጠበብ ጠበብ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ። ከጎኔ የተቀመጡት ጢማቸው ጥቁርና ነጭ የሆነ የድጓ ሊቅ ናቸው፤ ከሸዋ ተነሥተው እዚያው ጋይንት ወዳለው የድጓ ማስመስከሪያ፣ ወደ ቤተ ልሔም፣ ሊገቡ ነው።

«ሸዋ ድጓ የለም እንዴ፣ መሪጌታ?» አልኳቸው።

«ሞልቷል። ግን ቤተ ልሔም ገብቶ ያላስመሰከረ አስተማሪ ነኝ ቢል ማን ይሰማዋል? ከትግራይም ይምጣ ከጎጃም፣ እዚያ ደጅ መድረስ አለበት።»

«ይህን ሁሉ ሰው ታዲያ ማን ያበላዋል?»

«የሀገሩ ሰው ነዋ። በሩ ላይ ቆመሽ ‹በእንተ ስማ ለማርያም› ትያለሽ። ከየት መጣህ፣ ማን ትባላለህ የሚል የለም። ያለውን ቆርሶ ይሰጥሻል።»

እሳቸው መገንጠያው ላይ ሲወርዱ ገብስ በታጨደበት ሜዳ መሐል ቀጭን መንገድ ብቻ ነው የሚታየው። መብራት የለ፣ አስፋልት የለ። ከየአገሩ ሰው የሚመጣበት ግን ነው። ለአዘጋጄ ይህን ብጽፍለት «የት ነው ፎቶው?» ይለኛል። ንፋስ መውጫ ላይ መኪና ስንቀይር ነፋሱ ስሙን የሚያስመሰክር ነበር። አገልግሉን በነጠላዬ ሸፍኜ አቀፍኩት።

ሰኞ አመሻሽ፣ አዲስ አበባ

ከአየር ማረፊያ ስወጣ መንገዱ በመብራት አጊጧል። የእግረኛው ንጣፍ ያንጸባርቃል፤ ወጣቶች አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ፎቶ ይነሣሉ። ቆንጆ ነው፤ ምን አጠፋ ብዬ ልውቀሰው? አባባን ይዤው እዚህ አግዳሚ ላይ ብቀመጥ ብዬ ተመኘሁ። ላለፈ ላገደመው ሁሉ «እንደምን ዋላችሁ» ሲል አየሁት፣ በሐሳቤ።

ቤቴ ገብቼ አገልግሉን መጻሕፍቴ መሐል አስቀመጥኩት። ከዚያ ቤቴን በማኅበርተኛ ዓይን ሳየው ድንጋጤ ያዘኝ። ወንበሬ አራት ነው። ጋን የለኝም፣ ቢኖረኝም የት እጠምቃለሁ? እኔ እንደሆን ጠላ ስጠጣ እንጂ ስጠምቅ አልታወቅም። ቄስ ሞላን የት አስቀምጣለሁ? እትዬ ጥሩነሽ ጓዳ ገብተው የማያገኙትን ሳስብ ላቤ መጣ። አባባ ይህን ሁሉ በዓመት ሁለቴ የሚወጣው ብቻውን ሆኖ ሳይሆን የሚያንኳኳው በር ስላለው ነው።

ወጣሁ። ኮሪደሩ መብራቱ ቦግ አለ፣ ሰው ሲያይ የሚበራው ዓይነት። የፊት ለፊቱን በር አንኳኳሁ። 

በሩ በሰንሰለቱ ልክ ተከፈተ። ዓይኗን ብቻ አየሁ።

«እንደምን ዋልሽ» አልኳት።

«ምን ፈልገሽ ነው?» አለችኝ።

አባባ ትዝ አለኝ። ደህና መዋልሽን ልላት ፈለግሁ፤ አፌ ግን እምቢ አለኝና ያለብኝን ሁሉ ዘረገፍኩት። «ጽዋ አንሥቼ መጣሁ፤ የማርያም ማኅበር። ለአስተርዮ ከስማዳ ሰው ይመጣብኛል፣ አሥራ አንድ ቤት፣ ከነቄሳቸው። አባቴም አለበት። ወንበርም የለኝ፣ መጥመቅም አልችል…»

በሩ ተዘጋ። ቆምኩ። ሰንሰለቱ ከውስጥ ሲፈታ ሰማሁት፤ በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። ነጠላዋን እያጣፋች ወጣች።

ስሜንም አልጠየቀችኝ። «ስንት ወንበር?» አለችኝ።